የአስታማሚዎቹ ተራ

አሻግሬ በሰው ተከቦ ሞተ ቢባል ውሸት አይሆንም። ደም ግፊት ግማሽ አካሉን ጥሎት ከተኛ አምስት ወሩ ነው፤ በአምስቱም ወር አንዲት ሰዓት ብቻውን ውሎ አያውቅም። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው በሌላ በሌላው ይታማ እንደሆነ እንጂ በሕመምተኛ አይታማም፤ ጎረቤቱ ተራ አውጥቶ፣ ሰዓት ቆርጦ ነበር የሚያስታምመው። እንግዲህ በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ሚስቱ በዛች ከገበያ ተመልሳ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ ሰውየውን ሞቶ ቀዝቅዞ ያገኘችው በዚህ ሁሉ አስታማሚ መካከል ነው።

ኢንስፔክተር ኡሙልኸይር ስትደርስ ግቢው በለቅሶ ይናጥ ነበር። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ በደጋው በአቀስታ ብርድ ያደገች፣ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሰው ስትጠይቅ አትጮህም፣ አትቸኩልም። ጠይቃ መልሱን ትሰማና ዝም ትላለች፤ ተጠያቂው ዝምታው ሲከብደው ያላሰበውን ይጨምርላታል። በዚህ ዘዴ ብቻ ሦስት ሌባና አንድ ዳኛ አናዝዛለች።

አለቃዋ ግን ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነገር እንዲበዛበት አልፈለገም። «የአምስት ወር በሽተኛ ነው፤ ልቡ ቆመ በይና ዝጊው» ብሎ ነበር የላካት።

የከተማዋ ሆስፒታል ጤና መኮንን ባሲማ ግን ሬሳው ላይ ጎንበስ ብላ ቆይታ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«እትዬ ኡሙልኸይር፣ ይህ ሰው የሞተው በበሽታው አይደለም። የዓይኑን ነጭ እዪው፤ ደም ነጠብጥቦበታል። ከንፈሩም ውስጥ ውስጡን በገዛ ጥርሱ ቆስሏል። አፍነውታል። በትራሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«በስንት ሰዓት ነው?»

«እሱን አትጠይቂኝ። ግማሽ ጎኑ ድሮም የደነደነ ነው፣ ክፍሉም ብርድ ነው። ስድስት ሰዓትም በይው፣ ዘጠኝ ሰዓትም በይው፣ እኔ አላስተባብልሽም።»

ኡሙልኸይር ክፍሉን ቃኘች። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ከአልጋው ራቅ ብሎ ቁመት በሚጠይቅ መደርደሪያ ላይ አንድ የባትሪ ድንጋይ ራዲዮ። ራዲዮው ተከፍቷል፤ ነገር ግን አይናገርም፣ አይዘፍንም። ጣቢያ ስቶ ሽሽሽ እያለ ይንሿሿል። በለቅሶው መሀል ማንም ልብ ብሎ የዘጋው አልነበረም። በርጩማው ላይ ወጥታ መርፌው የቆመበትን ቦታ በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና በገዛ እጇ ዘጋችው።

በዛችን ወደ ጓዳ ወስዳ አነጋገረቻት። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

«ወደ ገበያ ስትወጪ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስድስት። ምሳውን አጉርሼው፣ ዜናውን ከፍቼለት ወጣሁ። ተራው የሙእሚን ነበር፤ በር ላይ ተገናኘን። ከስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ የንጉሡ ተራ ነው። ስመለስ ንጉሡ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ‹ተኝቷል› አለኝ።»

«ራዲዮው ላይ ጣቢያ የሚቀይረው ማን ነው?»

«ማን ይደፍራል? ምላሱ ቢታሰርም በዓይኑ ይቆጣ ነበርኮ! እሱ ከዜና ጣቢያው ሌላ አይወድም። እኔም እንዳይነካብኝ መዞሪያው ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።»

ፕላስተሩ ተልጦ መደርደሪያው ላይ ተጣብቆ ነበር። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ተነሥቶ እንዳላነሣው ግልጽ ነው።

እንግዲህ የተጠርጣሪው ቁጥር ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስቱም አስታማሚዎች ናቸው። ሰው ሁሉ ግን አንዱን መርጦ ጨርሷል። ንጉሡ የመጨረሻው ተረኛ ነው፤ ከዚያም በላይ በፋሲካ ማግስት በአደባባይ፣ «አሻግሬ፣ ይቺ በሽታ አነሰችህ!» ብሎ ሲራገም አገር ሰምቶታል። በዚያው ምሽት ታሰረ።

እሑድ ቀብሩ እንዳበቃ የሟቹ ታናሽ ወንድም አራጌ ከወግዲ ይዞት የመጣውን ጠመንጃ ከትከሻው ሳያወርድ ኢንስፔክተሯ ፊት ቆመ።

«ንጉሡን አስረሽዋል አሉ። ደግ። ልጁ ፈንታሁን ግን አልታሰረም። የሠርጉን ድንኳን እያሰበ ነው አሉኝ።»

«ጋሼ አራጌ፣ ልጁ ምን አደረገ?»

«ወንድሜስ አልጋ ላይ ተኝቶ ምን አደረገ? ሠልስቱ ሳይወጣ ደሙን እመልሳለሁ። ገዳዩ ንጉሡ ነው ካልሽ ፈንታሁን ነው የሚወድቀው። ሌላ ነው ካልሽ ሌላውን አሳዪኝ። የእናቴ ልጅ ደም ውሻ ሲልሰው አላይም!»

ሠልስቱ ሰኞ ነው። ኡሙልኸይር ይህን ሰው አስራ ብታሳድረው ሌላ ወንድም፣ ሌላ የአጎት ልጅ እንደሚነሣ ታውቃለች። ፈንታሁንን በአንድ ፖሊስ ታጅቦ ዘመድ ቤት እንዲውል አደረገች። ከዚያ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

ንጉሡ ሁለት ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ጋሼ ንጉሡ፣ ጥጡ ምንድን ነው?»

«ድምፅ አልችልም። ከድንጋይ ካባው አደጋ ወዲህ፣ ሰባት ዓመቴ። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ፤ ውጭ ድምፅ በጨመረ ቁጥር እሱም ይብሳል። ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፣ ወላሂ ራሴን ከግድግዳ አጋጭ አጋጭ ይለኛል።»

«አሻግሬን ይጠሉት ነበር?»

«እጠላዋለሁ። ሞቶም እጠላዋለሁ። የመንገዱ ድንጋይ በሚፈነዳበት ካባ የድማሚቱ ኃላፊ እሱ ነበር። ያን ቀን ፊሽካ ሳይነፋ አፈነዳው። የሙእሚን ወንድም ጠልሐ እዚያው ቀረ፤ የእኔና የሙእሚን ጆሮ እንዲህ ሆነ። አጣሪ ሲመጣ ‹ፊሽካ ነፍቻለሁ› ብሎ ማለ። ‹ጆሯችን ይጮኻል› ስንል ደግሞ ሳቀብን። ‹እስቲ ጩኸቱን አሳዩኝ!› አለን፤ በሰው ፊት!»

«ታዲያ የሚጠሉትን ሰው ምን ሊያደርጉ ያስታምማሉ?»

ንጉሡ የጆሮውን ጥጥ በጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ። ኡሙልኸይር እንደ ልማዷ ጠበቀችው።

«ሲሞት ላየው ነበራ» አለ በመጨረሻ። «እግዜር ሲበቀልልኝ ላይ። ግን እጄን አላነሣሁም። ስገባ ያ ራዲዮ ይንሿሿል፤ ጭንቅላቴን በጠበጠው። ተኝቷል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ በረንዳ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቱን አላየሁም።»

«ለምን አልዘጉትም?»

«የሰው ራዲዮ ነው። ድንገት ቢነቃ ለምን ዘጋህ ብሎ በዚያ ዓይኑ ሊበላኝ?»

ሙእሚንን ያገኘችው በሚሠራበት ወፍጮ ቤት ነው። እሑድ ገበያተኛ ስለሚበዛ የናፍጣው ሞተር ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል። ሙእሚን የቁርአን አስተማሪ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ለስላሳና ትሑት። ስለ እሱ መካነ ሰላም በኩራት ነው የምታወራው። ወንድሙን የገደለበትን ሰው በአስታራቂው በሼህ መሐሙድ እጅ ታርቆ፣ ምሎ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ዘመድ ሲጠይቀው ኖሯል። እንዲያውም ሽማግሌዎች ለሌላ ባለ ደም ምሳሌ ሲሰጡ «እንደ ሙእሚን ሁን» ነው የሚሉት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ» አለ ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ። «አላህ ይዘንለት። ጥሩ ጎረቤት አጣን።»

«እዚሁ ነው የምትተኛው አሉኝ?»

«ከሞተሩ ጎን አንዲት ክፍል አለችኝ። ለሥራ ይቀርበኛል።»

«ቅዳሜ እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነበር። በዛች ስትወጣ ገባሁ። ትንሽ አጫወትኩት፤ እንቅልፍ ወሰደው። ቤቱ ጸጥ እንዳለ ስምንት ሰዓት ላይ ለንጉሡ ለቅቄለት ወጣሁ።»

«ጸጥ ነው ያለው?»

«ጸጥ ያለ ነበር፣ ወላሂ።»

በዚህ መሀል ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጠፋው። ሴቶቹ ጆሯቸው እፎይ ሲል ሳቅ አሉ። ሙእሚን ግን ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ሄዶ በበርሜሉ ላይ ያለውን ቧንቧ ለቀቀው። የሚታጠብ መሰላት፤ አልታጠበም። ውኃው እንዲሁ እየፈሰሰ እሱ ከቧንቧው አጠገብ ተቀመጠ። በውኃ ጥም የምትሠቃይ ከተማ ውስጥ ውኃ ሲፈስ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ኡሙልኸይር አይታ አታውቅም።

ከዚያ በቀጥታ ባሲማ ዘንድ ሄደች።

«የጆሮ ጩኸት ምንድን ነው? ሰው በሚገባው ቋንቋ ንገሪኝ።»

ባሲማ ሳቀች። «ጆሮ ሲጎዳ ወደ አንጎል የሚሄደው ድምፅ ይጎድላል። አንጎል ደግሞ ጉድለት አይወድም፤ ያጣውን ድምፅ ራሱ ይፈጥረዋል ይላሉ። አንድ የአዲስ አበባ ተመራማሪ የእንዲህ ዓይነት ሰዎችን አንጎል በመሣሪያ ምስል እያነሣ ቅርጹ ተለውጦ እንደሆነ ያጠናል። ከዚህ ንጉሡና ሙእሚን ሄደው ተነሥተዋል።»

«ሁለቱም በአንድ ዓይነት ይታመማሉ?»

«አንድ ዓይነት አይደለም። ንጉሡ ድምፅ ሲሰማ ይብስበታል። ሙእሚን ደግሞ ጸጥታ ነው ጠላቱ። ሽሽሽ የሚል ነገር ሲያገኝ ጩኸቱ ይሸፈንለታል። ወፍጮ ቤት የሚያድረው ለምን ይመስልሻል?»

ኡሙልኸይር ማስታወሻዋን አወጣች። «የምስሉ ውጤት መጣ?»

«ሐሙስ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ለሙእሚን የመጀመሪያውን ገጽ ተርጉሜለት ሳልጨርስ ምጥ ለያዛት ሴት ጠሩኝ። ስመለስ ያንን ገጽ ይዞ ሄዷል። ሁለተኛው ገጽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ነገ ይዘሽው ነይ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሰኞ ረፋድ ላይ የሠልስቱ እንግዳ ግቢውን ሞልቶታል። ኡሙልኸይር በዛችን፣ ንጉሡን፣ አራጌን፣ ሼህ መሐሙድንና ባሲማን አሻግሬ በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከመደርደሪያው ላይ ራዲዮውን ከፈተችና መርፌውን ያን ዕለት ወደነበረበት መለሰችው። ሽሽሽታው ክፍሉን ሞላው። ንጉሡ ወዲያው ፊቱን አጨማዶ በሁለት መዳፉ ጆሮውን ያዘ።

«ይህን ነገር ዝጊልን እንጂ!» አለ አራጌ። «ሰው እንዴት ይነጋገራል?»

«ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ አራጌ። ማንም እንዳይነካው። ሙእሚንን አስገቡት።»

ሙእሚን ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ከሼህ መሐሙድ ጎን በትሕትና ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ የሰው ሁሉ ፊት በሽሽሽታው ተጨማዶ እያለ የእሱ ብቻ ዘና ማለቱን አየች።

«ሙእሚን፣ ለእነዚህ ሰዎችም ንገራቸው። ቅዳሜ ስትወጣ ክፍሉ እንዴት ነበር?»

«ነግሬሽ የለ እትዬ። ጸጥ ያለ ነበር።»

«ምን ያህል ጸጥ?»

ሙእሚን ዙሪያውን አየ። «እንዲሁ ነዋ፣ ልክ እንደ አሁኑ።»

ሁሉም ወደ ራዲዮው፣ ከራዲዮው ወደ ሙእሚን ተመለከቱ። ሼህ መሐሙድ «ያ አላህ» አሉ በቀስታ። ያን ጊዜ ሙእሚን የሰዎቹን ዓይን ተከትሎ ራዲዮውን አየው፤ ደም ከፊቱ ሸሸ።

«አሁን ልንገራችሁ» አለች ኡሙልኸይር። «በዛች ስትወጣ ራዲዮው ዜና ያወራ ነበር፣ መዞሪያውም በፕላስተር ታስሯል። ንጉሡ ሲገባ ግን ሽሽሽ ይላል። በመካከል አንድ እጅ ፕላስተሩን ልጦታል። ሟቹ አይደርስበትም። ንጉሡ አላደረገውም፤ ይህ ድምፅ እንደሚያሠቃየው አሁንም እያያችሁት ነው፤ በረንዳ የወጣውም ለዚሁ ነው። ገድሎ ቢሆን ኖሮ ዘግቶት በተቀመጠ። በዛችም አልነካችውም፤ የአምስት ወር ቁጣውን ፈርታ ፕላስተር የለጠፈች እሷ ራሷ ናት። የቀረው በጸጥታ ውስጥ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ያ ሰው ሽሽሽታውን ከፈተ፤ ከሬሳው ጋር እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጠ፤ ሲወጣም ሳይዘጋው ወጣ። ለምን? ረስቶት አይደለም። ለእሱ የተከፈተ ነገር አልነበረማ! እኛ ድምፅ የምንለው ለእሱ ጸጥታ ነው። ‹ጸጥ ነበር› ሲልም አልዋሸም፤ የሰማውን ነው የተናገረው።»

አራጌ ከበርጩማው ተነሣ። ሼህ መሐሙድ ግን ቀደሙት።

«ሙእሚን! በእጄ ታርቀሃል። በእጄ ምለሃል!»

«የማልሁት ለጠልሐ ደም ነው፣ ሼህ!» አለ ሙእሚን፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ቃላችሁን አስታውሱ እንጂ። ‹በወንድሜ ደም እጄን አላነሣም› በል አላችሁኝ፤ አልኩ። በወንድሜ ደም እጄን አላነሣሁም። ለጆሮዬ ማን አስማለኝ? ለጆሮዬ ማን ጠየቀኝ? ሰው የሞተበት ታረቀ ብላችሁ አጨበጨባችሁ፤ እኔ ግን በቁሜ የሞትሁትን ማን ቆጠረኝ? ሰባት ዓመት እንቅልፍ የለኝም። ሰባት ዓመት ቁርአን ስቀራ የገዛ ድምፄን አልለየውም። እሱ ደግሞ ‹ጩኸቱን አሳየኝ› ይለኛል!»

«ስለዚህ አሳየኸው» አለች ኡሙልኸይር።

«አሳየሁት! ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። ‹ይኸው፣ የሠራኸውን እይ፣ አንጎሌን ለውጠኸዋል፣ ከእንግዲህ አይመለስም› አልኩት። ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? በዚያች በምትታዘዘው ዓይኑ ወደ ራዲዮው አመለከተኝ። ዜናውን እንዳልረብሸው! ትራሱን ሳነሣ እንኳ ወደ ራዲዮው ነበር የሚያየው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ኡሙልኸይር ይህን ሰው ስትሰማ አዘነችለት፤ ወዲያው ደግሞ ንጉሡን አየችና ተናደደች።

«ንጉሡ ሁለት ቀን በአንተ ፈንታ ታስሯል። ልጁ በአንተ ፈንታ ሊገደል ነበር። ዝም አልክ። የንጉሡስ ጆሮ ጆሮ አይደለም?»

ባሲማ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች።

«ሙእሚን፣ ይህ ሁለተኛው ገጽ ነው። ያላነበብኩልህ። የአንጎል ቅርጽ ተለውጧል የሚለው የስልሳ ሰው አማካይ ነው፤ ስለ አንድ ሰው አይናገርም ይላል። ለውጡ ጩኸቱን ያምጣው፣ ጩኸቱ ለውጡን ያምጣው ገና አልታወቀም ይላል። ስለ አንተ ለብቻው የተጻፈም አለ።» መስመሩን በጣቷ ተከተለች። «‹በዚህ ሰው ምስል ላይ ከጤነኞቹ የሚለይ ነገር አላየንም። ብዙ ሰው በሥልጠናና በእርዳታ ጩኸቱን ይለምደዋል፤ ለሕክምና ተመልሶ ይምጣ› ይላል።»

ሙእሚን ከተቀመጠበት ወለል ላይ ተንሸራተተ። ከዚያ በጉልበቱ ወደ አራጌ ዞረ፤ ነጠላውን ከደረቱ ላይ ገፎ ጣለው።

«ወንድምህን የገደልሁ እኔ ነኝ። በለኝ እንግዲህ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ አሁን በለኝ። ይብቃኝ!»

አራጌ ጠመንጃውን አወረደ፣ አቀባበለ። ኡሙልኸይር በመካከላቸው ገብታ ቆመች። አራጌ በትከሻዋ በኩል አሻግሮ የሰውየውን ፊት አጠና። እዚያ ፊት ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ልመና ብቻ ነበር። አራጌ ቀስ ብሎ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«ይህን ቢያገኝ ነው የሚደሰተው» አለ ወደ ኢንስፔክተሯ። «አልሰጠውም። ወንድሜ በአንድ ትንፋሽ ሞቷል፤ ይህ ግን ይቆይ። ማረሚያ ቤት ወፍጮ የለም። ብቻውን፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ እድሜውን ሁሉ ያዳምጥ። ደሜን መልሻለሁ።»

ጠመንጃውን በር ላይ ለቆመው ፖሊስ አቀበለና ወደ ሠልስቱ እንግዶች ወጣ። በዛች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ንጉሡ ደም እንዲመለስ ሲመኝ የኖረ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ሙእሚንን ማየት አቅቶት ወደ በሩ አቀና፣ ልጁ ወደ ተደበቀበት።

ፖሊሱ የሙእሚንን እጅ ሲያስር ሰውየው የኢንስፔክተሯን የልብስ ጫፍ ያዘ።

«እትዬ፣ ብቻዬን አታስቀምጡኝ። ምንም አልለምንሽም፣ ይህን ብቻ። ብቻዬን አታስቀምጡኝ።»

ኡሙልኸይር የአራጌን ቃል አሰበች፤ እውነቱን ለመናገር ፍትሕ መስሎ ተሰምቷት ነበር። የንጉሡን ሁለት ቀን፣ የፈንታሁንን ሠርግ አሰበች። እጁን ከልብሷ ላይ አላቀቀች።

«ብዙ እስረኛ የሚንጫጫበት ትልቁ ክፍል ቦታ አለው?» ብላ ፖሊሱን ጠየቀችው።

«አዎ ኢንስፔክተር። ሌሊቱን ሁሉ ሲያወሩ ነው የሚያድሩት፤ ሰው አያስተኙም።»

«እዚያ አስገባው» አለች፤ ስላዘነችለትም በራሷ ተናደደች።